በሰውነታችን ውስጥ ስላለው ዘበኛ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



በዚህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት ቀን በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ታላቅ ነው። በዕድሜም በዕውቀትም ከእኔ የሚበልጡ ብዙ ሰዎች በተቀመጡበት ጉባኤ መናገር ድፍረት እንዳይሆንብኝ አስቀድሜ ይቅርታ እለምናለሁ። የንግግሬ አርእስት ስለ ሩቅ ነገር አይደለም። ሁላችንም ስንወለድ ይዘነው ስለ መጣነው፣ ቀንና ሌሊት ደመወዝ ሳይጠይቅ ስለሚጠብቀን፣ ነገር ግን ብዙዎቻችን ሥራውን ስለማናውቀው ዘበኛ ነው። ይኸውም ሰውነታችን በሽታን የሚከላከልበት ኃይል ነው።

ይህን አርእስት የመረጥሁት ከመጽሐፍ አግኝቼው ብቻ አይደለም። ምክንያቱ ከቤታችን የመጣ ስለ ሆነ ከዚያ ልጀምር።

አያቴ በጃናሞራ ተወልደው ያደጉ የባላገር እናት ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ከእኛ ጋር ሊኖሩ ወደ ጎንደር ከተማ መጡ። በዚያው ዓመት ታናሽ ወንድሜ ዘጠኝ ወር ሞላው። እናቴ የኩፍኝ ክትባት ልታስከትበው አዝላው ስትነሣ አያቴ በሩ ላይ ቆሙና «ይህን ልጅ አታስወጊውም» አሉ። እናቴ ብትለምናቸው፣ አባቴም ቢያስረዳቸው እሺ አላሉም። እኔም የባዮሎጂ መጽሐፌን ይዤ ቀረብሁና ብዙ ቃል ተናገርሁ። እርሳቸውም እስክጨርስ ድረስ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ በኋላ የቀሚሳቸውን እጅጌ ሰብስበው በግራ ክንዳቸው ላይ ያለውን የመስቀል ቅርጽ ያለው አሮጌ ጠባሳ አሳዩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሰባት ዓመት ያህል ሲሆናቸው በአገሩ ፈንጣጣ ገባ። አባታቸውም ከታቢ አስመጡ። ከታቢው ክንዳቸውን በምላጭ በጥቶ ከታመመ ሰው ቁስል የወሰደውን መግል ቀባበት። ከጥቂት ቀን በኋላ ትኩሳት ያዛቸው፤ ጥቂት ፈንጣጣም ወጣባቸው፤ ነገር ግን ዳኑ። በዚያው መደብ ላይ አብራቸው ትተኛ የነበረች፣ ገና ጡት የምትጠባ እኅታቸው ግን በሽታው ከእርሳቸው ተላልፎባት ሞተች።

«ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል፤ እኔን ያዳነኝ ነገር እኅቴን ስለ ምን ገደላት? እስቲ ይህን ንገሪኝ» አሉኝ።

በዚያ ቀን መልስ አልነበረኝም። አያቴን እንደማያውቁ ቆጥሬ ላስተምራቸው መነሣቴ አሳፈረኝ። የፈሩት ባለማወቅ አልነበረም፤ በዓይናቸው ያዩትን ነገር ነው። ስለዚህ መልሱን ለማግኘት መጻሕፍት አነበብሁ፤ መምህሬንም ጠየቅሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ያገኘሁትን መልስ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ጠላቱን ማወቅ ያስፈልጋል። በአየሩ፣ በውሃው፣ በአፈሩ፣ በእጃችንም ላይ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ረቂቅ ነፍሳት ይኖራሉ። ከእነርሱ የሚበዙት አይጎዱንም፤ እንዲያውም በአንጀታችን ውስጥ ሆነው የሚጠቅሙን አሉ። በሽታ ከሚያመጡት መካከል አንደኞቹ ባክቴሪያዎች ናቸው። ብዙዎቹ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ያህል ቢሆኑ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳና የመንጋጋ ቆልፍ የሚመጡት ከእነዚህ ነው። ሁለተኞቹ ቫይረሶች ናቸው። እነርሱ ከባክቴሪያ እጅግ ያነሱ ሲሆኑ ወደ ሕዋሳችን ካልገቡ በስተቀር ሊራቡ አይችሉም፤ ፈንጣጣና ኩፍኝ ከዚህ ወገን ናቸው። ሦስተኞቹ እንደ ወባና እንደ ካላዛር ያሉትን በሽታዎች የሚያመጡ ጥገኛ ተውሳኮች ናቸው።

ከእነዚህ ጠላቶች የሚከላከለን ኃይል ሦስት ዓይነት ሥራ አለው።

የመጀመሪያው ቅጥር ነው። ሁላችንም የፋሲል ግቢን አይተናል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ. ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ነገሥታቱ ተከታትለው የሠሩት ያ ግቢ ዙሪያውን በድንጋይ አጥር ተከቦ ዐሥራ ሁለት በሮች አሉት። ጠላት በአጥሩ በኩል ሊገባ ስለማይችል ዘበኛ የሚቆመው በበሩ ላይ ነው። የሰውነታችንም አጥር ቆዳችን ነው፤ ደኅና ሆኖ ሳለ ረቂቅ ነፍሳት አያልፉትም። በሮቹ ደግሞ ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍና የመሳሰሉት ናቸው። በእነርሱም ላይ ዘበኛ አለ። በእንባና በምራቅ ውስጥ ባክቴሪያን የሚያፈርስ ነገር ይገኛል። የአፍንጫ ንፍጥ ትቢያውንና ነፍሳቱን አጣብቆ ይይዛል፤ ሳልና ማስነጠስም ወደ ውጭ ያወጣቸዋል። ከምግብ ጋር ወደ ሆድ የወረዱትንም የጨጓራ አሲድ አብዛኞቹን ይገድላቸዋል። ቆዳ ሲቆረጥ ወይም ሲቃጠል አጥሩ ፈረሰ ማለት ነው። ስለዚህ እርሻ ላይ ወይም ወፍጮ ቤት የቆሰለ ሰው ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ አለበት፤ አፈር ወይም እበት መመረግ ግን በፈረሰው አጥር ጠላትን ጠርቶ እንደ ማስገባት ይቆጠራል።

ሁለተኛው በደም ውስጥ የሚዞረው ሠራዊት ነው። አንድ ጠብታ ደም በማይክሮስኮፕ ብናይ ከቀዮቹ ሕዋሳት መካከል ነጮች ሕዋሳት እናገኛለን። በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ደም ውስጥ ቀዮቹ አምስት ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ ነጮቹ ግን ከ4 ሺሕ እስከ 11 ሺሕ ቢሆኑ ነው። የሚወለዱት በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኒ ነው። ከእነርሱ መካከል ጠላትን እየዋጡ የሚፈጩ አሉ። ኤልያስ ሜችኒኮፍ የተባለ የሩስያ ተወላጅ ሊቅ ይህን የመዋጥ ሥራ ገልጾ ስላስረዳ በ1908 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የኖቤልን ሽልማት ከጀርመናዊው ከፓውል ኤርሊክ ጋር ተካፍሏል። እሾህ በወጋን ቦታ ላይ ቆዳው የሚቀላው፣ የሚያብጠውና የሚሞቀው ደም ወደዚያ ሠራዊት ስለሚያመጣ ነው። መግል የምንለውም በአብዛኛው በጦርነቱ ላይ የሞቱት የነጭ ሕዋሳትና የባክቴሪያዎች ሬሳ ነው። ትኩሳትም እንዲሁ ሰውነት ራሱ የሚያነሣው ነገር ነው፤ ብዙ ነፍሳት ከ37 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት እንደ ልብ አይራቡምና። ቢሆንም ትኩሳት በጣም ከበረታ ወይም ከዘገየ ዝም ሊባል አይገባም። ይህን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ሥራ ከሁሉ የሚያስደንቀው ነው። ይኸውም ጠላትን ለይቶ ማወቅና አለመርሳት ነው። ይህን የሚሠሩት ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ ሕዋሳት ናቸው። እያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት ምልክት ብቻ ለይተው ያውቃሉ። ጠላት ሲገባ ምልክቱን የሚያውቀው ሕዋስ ይነሣና በብዙ ሺሕ ይባዛል። ከእነርሱም ቢ የሚባሉት ፀረ አካል የተባለውን መሣሪያ ይሠራሉ። ይህም በቁልፍና በጋን ቁልፍ አምሳል ከዚያ ጠላት ጋር ብቻ የሚገጥም ነው። ቲ የሚባሉት ደግሞ ከፊሎቹ በቫይረስ የተያዙትን ሕዋሳት ይገድላሉ፤ ከፊሎቹም ሌላውን ሠራዊት ያዝዛሉ። ኤች አይ ቪ የተባለው ቫይረስ እጅግ አደገኛ የሆነው እነዚህን አዛዦች መርጦ ስለሚያጠፋ ነው። እግራችን ሲቆስል በብሽሽታችን የሚወጣው ንፍፊትም የእነዚህ ሕዋሳት ጦር ሰፈር ነው፤ ጣፊያና በጉሮሮ ያሉት ቶንሲሎችም እንደዚሁ ናቸው።

ይህ ሁሉ ዝግጅት በመጀመሪያው ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ሰው በአደገኛ በሽታ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በዚህ መካከል ነው። ከዳነ ግን ሁሉም ሕዋሳት አይበተኑም፤ ከፊሎቹ ጠላቱን የሚያስታውሱ ሆነው ለብዙ ዓመታት ይኖራሉ። ያ በሽታ ዳግመኛ ቢመጣ መሣሪያው በጥቂት ቀን ውስጥ ስለሚዘጋጅ ሰውየው መታመሙን እንኳ ሳያውቅ ያሸንፋል። ፈንጣጣ ይዞት የዳነ ሰው ዳግመኛ የማይያዘው ስለዚህ ነበር። አባቶቻችንም ማይክሮስኮፕ ሳይኖራቸው ይህን ነገር አስተውለዋል።

እንግዲህ ወደ አያቴ ጥያቄ ቀረብን።

ጎንደር ፈንጣጣን ከጥንት ታውቀዋለች። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ. ም. በየካቲት ወር፣ ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1770 መሆኑ ነው፣ ጎንደር ሲደርስ በእቴጌ ምንትዋብ የቍስቋም ቤተ መንግሥት ውስጥ ሕፃናትና ጎልማሶች በፈንጣጣ ታመው አገኘ። የራስ ሚካኤል ስሑል ልጅም በዚያው በሽታ ሞተ። ብሩስ እንደ ጻፈው በሽተኞቹ የተኙበትን ቤት በርና መስኮት አስከፍቶ ንጹሕ አየር እንዲገባ አደረገ፤ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሞቀ ውሃና በሆምጣጤም አሳጠበው። ይህ መልካም አያያዝ ነበር እንጂ መድኃኒት አልነበረም። በዚያ ዘመን ለፈንጣጣ መድኃኒት በዓለም ላይ አልነበረም።

መከላከያ ግን ነበር። በአገራችን ከታመመ ሰው የተወሰደ መግል በደኅነኛው ሰው ክንድ ላይ በምላጭ በጥቶ መክተብ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ልማድ ነው። በቻይና፣ በህንድና በቱርክም እንዲህ ያለ ልማድ ነበር። በቆዳ በኩል የገባው ፈንጣጣ በአየር ከሚተላለፈው ብዙ ጊዜ ይቀላልና የተከተበው ሰው ጥቂት ታሞ ይድናል፤ ሕዋሳቱም ጠላቱን ያስታውሳሉ። ስለዚህ ከታቢው ለአያቴ ያደረገላቸው ነገር ከንቱ አልነበረም፤ እውነተኛ ጥበብ ነበር።

ጕድለቱ አንድ ነው፤ ነገር ግን ታላቅ ጕድለት ነው። በክንዳቸው የገባው ሕያው የሆነው የፈንጣጣ ቫይረስ ራሱ ነበር። አያቴ ለጥቂት ቀን በእውነት የፈንጣጣ በሽተኛ ሆነው ነበር፤ እንደ ማንኛውም በሽተኛም ለሌላ ሰው ሊያስተላልፉ ይችሉ ነበር። የእርሳቸው ሰውነት በቆዳ በኩል ቀስ ብሎ የመጣውን ጠላት ለማሸነፍ ጊዜ አገኘ። ሕፃኒቱ ግን የተቀበለችው በትንፋሽ ነው፤ ሰውነቷም መሣሪያውን ሳይጨርስ ተሸነፈ። አያቴን ያዳናቸውና እኅታቸውን የገደላት አንድ ነገር የሆነው ስለዚህ ነው።

ይህን ጕድለት ለማስቀረት መንገድ የከፈተው እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር ነው። ላም የሚያልቡ ሴቶች ከላም ጡት በሚተላለፍ ቀላል ፈንጣጣ እጃቸው ከቈሰለ በኋላ የሰው ፈንጣጣ እንደማይዛቸው ይነገር ነበር። ጄነር በ1796 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከአንዲት አላቢ እጅ የወሰደውን መግል የስምንት ዓመት ልጅ ክንድ ላይ ከተበ። ልጁም በኋላ በሰው ፈንጣጣ ቢፈተን አልታመመም። የላሙና የሰው ፈንጣጣ የሥጋ ዘመዳሞች ስለ ሆኑ ሕዋሳቱ የአንዱን መልክ ከተማሩ ሌላውንም ያውቁታል። ከሁሉ በላይ ግን በዚህ መንገድ የተከተበ ልጅ የሰውን ፈንጣጣ ለእኅቱ አያስተላልፍም፤ በሰውነቱ ውስጥ የለምና።

በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የተጀመረው በ1963 ዓ. ም. ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺሕ በላይ በሽተኞች ተገኙ። ሠራተኞቹ በእግር፣ በበቅሎና በሄሊኮፕተር እየሄዱ በሽተኛውን ይፈልጋሉ፤ ካገኙት በኋላ በዙሪያው ያለውን ሕዝብ ሁሉ ይከትባሉ። እሳት እንዳይዛመት ዙሪያውን እንደ መመንጠር ማለት ነው። በአገራችን የነበረው የፈንጣጣ ዓይነት ከሌላው አገር የቀለለ ስለ ነበር ብዙ ሰው አይፈራውም ነበር። በጥንቱ ልማድ የሚከትቡትም ሰዎች ሳያውቁት በሽታውን ከመንደር ወደ መንደር ያዳርሱ ነበር። ይህም ሁሉ ሆኖ በነሐሴ ወር 1968 ዓ. ም. በባሌ የመጨረሻዋ በሽተኛ ተገኘች፤ አንዲት ሕፃን ነበረች። በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የዓለም የመጨረሻ በሽተኛ በሶማልያ በመርካ ከተማ በጥቅምት 1970 ዓ. ም. ተገኝቶ ዳነ። በሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ. ም. የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ። እንግዲህ አያቴ በሕፃንነታቸው ያዩት ጠላት ዛሬ በየትኛውም መንደር የለም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ክትባትና ክታብ ከአንድ ግሥ የወጡ ቃላት ናቸው፤ ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነውና። ክታብ በብራና ተጽፎ በአንገት ይታሠራል፤ ክትባት ግን የጠላትን መልክ በሰውነት ውስጥ ይጽፋል፤ የሚያነቡትም ሕዋሳታችን ናቸው።

ነገር ግን ዘበኛችን ሁሉን የሚያሸንፍ እንዳይመስለን። እኛ የደጋ ሰዎች ይልቁንም ማወቅ የሚገባን ሁለት ጠላቶች አሉ።

አንደኛው ወባ ነው። የወባ ተውሳክ በደም ውስጥ ሳለ ውጫዊ መልኩን እየለዋወጠ ዘበኛውን ያታልላል። ስለዚህ ሰውነት ወባን መቋቋም የሚማረው ከብዙ ዓመትና ከብዙ መታመም በኋላ ነው፤ እርሱም ሙሉ አይደለም፤ ከቆላ ርቆ የቆየ ሰውም እየቀነሰበት ይሄዳል። የደጋ ሰው ይህን ትምህርት ጨርሶ አልተማረም። በደንቢያ ሜዳ በ1945ና በ1946 ዓ. ም. መካከል የተነሣው ወባ ብዙ ሺሕ ሰው የጨረሰው ስለዚህ ነበር። በ1947 ዓ. ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ካስገደዱት ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው። ያ ኮሌጅ አድጎ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በ1950ና በ1951 ዓ. ም. ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በተነሣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺሕ ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል።

ሁለተኛው ካላዛር ነው። ይህ ተውሳክ በአንዲት ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይገባል። ዋጩ ሕዋስ እንደ ልማዱ ይውጠዋል፤ ተውሳኩ ግን አይፈጭም፤ በዘበኛው ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ይራባል። ከዚያም ወደ ጣፊያ፣ ወደ ጉበትና ወደ መቅኒ ይዛመታል። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ይቆያል፤ ሰውየው ይከሳል፤ በግራ ጎኑ ጣፊያው ያብጣል። ሳይታከም ከቀረ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። በመተማና በሑመራ ቆላ ሰፊ እርሻ ከተጀመረ በኋላ፣ በ1960ዎቹ ዓመታት፣ ለሥራ የወረዱት ደገኞች በብዛት ታመሙ። በ1997 ዓ. ም. ደግሞ በሊቦ ከምከም፣ በደጋው አገር፣ ተገኘ። መጀመሪያ መድኃኒት ያልበገረው ወባ መስሎ ስለ ነበር ብዙ ሰው ሳይታወቅለት ሞቷል።

ባለፈው ዓመት የአጎቴ ልጅ ለደብተርና ለልብስ የሚሆን ገንዘብ ሊያገኝ ለሰሊጥ አረም መተማ ወርዶ ነበር። በመስከረም ሲመለስ ትኩሳት ነበረበት። «ወባ ነው፣ ይለቀኛል» እያለ ሁለት ወር ቆየ። ቀበቶው እየላላ ጎኑ ግን እየከበደው ሲሄድ ወደ ሐኪም ወሰድነው፤ ካላዛር ሆኖ ተገኘ። በየቀኑ መርፌ እየተወጋ ከሁለት ሳምንት በላይ ታክሞ ዳነ። ዘንድሮ እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል በክረምት ወደ ቆላ የምትወርዱ ወንድሞች እንዳላችሁ አውቃለሁ። አትውረዱ ለማለት አልችልም፤ ችግሩን አውቀዋለሁና። የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው። አጎበር ይዛችሁ ውረዱ፤ ከግራር ሥርና ከተሰነጠቀ ዋልካ አፈር ላይ አትተኙ፤ ትኩሳት በያዛችሁ በዚያው ቀን ተመርመሩ፤ ከተመለሳችሁም በኋላ ሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት ካለ «ቆላ ወርጄ ነበር» ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም።

ዘበኛው ራሱ የሚሳሳትበትም ጊዜ አለ። የአበባ ብናኝን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሣ አስም ሊያመጣ ይችላል፤ በራሱ አካል ላይ ሲዘምት ደግሞ አንዳንድ የስኳርና የመገጣጠሚያ በሽታዎችን ያመጣል። በመስከረም ወር 2018 ዓ. ም. ሜሪ ብራንኮው፣ ፍሬድ ራምስዴልና ሺሞን ሳካጉቺ የተባሉ ሊቃውንት ዘበኛውን «ተው» የሚሉ ሕዋሳት እንዳሉ ስላሳዩ የኖቤልን ሽልማት አግኝተዋል። ኃይል ያለ ልጓም ባለቤቱንም እንደሚጎዳ ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ እኛ ለዘበኛችን ምን ልናደርግለት ይገባል?

ሕፃን ሲወለድ የእናቱ የመጀመሪያ ጡት፣ እንገር የምንለው ቢጫው ወተት፣ በፀረ አካል የተሞላ ነው። በአንዳንድ ቤት ግን ቆሻሻ ነው ተብሎ ይደፋል፤ በምትኩም ሕፃኑ ቅቤ ይውጣል። ይህ እናት ለልጇ የላከችውን ስንቅ መንገድ ላይ እንደ ማፍሰስ ነው። እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲልን በጥፍር ማስፈረጥም ዘበኛን በበሩ ላይ ማቁሰል ነው፤ ደም መፍሰስንና ሌላ በሽታን ያመጣል። ሰውነት ያለ ምግብ ሠራዊት ሊያቆም አይችልም፤ ስለዚህ ከሽሮው ጋር ጎመን፣ እንቁላልና ወተት ሲገኝ ለሕፃናት ይሰጥ። እጅን በሳሙና መታጠብ፣ በቂ እንቅልፍ መተኛትና ከትምባሆ መራቅም የዘበኛውን ሸክም ያቀልሉታል።

ክትባትን በሚመለከት፣ በአገራችን የሕፃናት ክትባት በ1972 ዓ. ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ በሽታዎች ቀንሰዋል። የኩፍኝ ክትባት በዘጠኝ ወርና በዐሥራ አምስት ወር ይሰጣል። ኩፍኝ ከሁሉ ይልቅ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ የመከላከል ኃይል በሌለበት ሕዝብ መካከል አንድ በሽተኛ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል። ክፋቱም በዚህ አያበቃም። ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ከዳነ በኋላ ብዙ ወራት በሌላ በሽታ ሲንገላታ እናቶች ያውቃሉ። በ2012 ዓ. ም. የታተመ ጥናት ምክንያቱን ገልጿል፤ ኩፍኝ የሚያስታውሱትን ሕዋሳት ራሳቸውን ስለሚያጠፋ፣ ያልተከተቡት ሕፃናት ከዚህ ቀደም ካገኙት ፀረ አካል ከመቶ 11 እስከ 73 ያህሉን አጥተው ተገኝተዋል። ሕፃኑ ከተማረው ከፊሉን ይረሳል ማለት ነው። ከመቶ ሰው 95ቱ የተከተበ እንደ ሆነ ግን በሽታው መተላለፊያ ያጣል፤ ገና ያልደረሰው ሕፃንና መከተብ የማይችለው በሽተኛም በሌሎቹ ጥላ ሥር ይድናሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህም ይሠራል።

አሁን ወደ አያቴ ልመለስ። መልሱን ካገኘሁ በኋላ አንድ ማታ ከእሳቱ አጠገብ ተቀመጥሁና እንዲህ አልኋቸው። «እምዬ፣ በእርስዎ ክንድ ላይ የገባው የፈንጣጣው ራሱ ዘር ነበር፤ ስለዚህ ወደ እኅትዎ ሄደ። ለሕፃኑ የሚሰጠው ግን እንዲዳከም የተደረገ የኩፍኝ ዘር ነው፤ ሕፃኑ ጥቂት ትኩስ ሊለው ይችላል እንጂ ከእርሱ ወደ ሌላ ሰው አይሄድም። ለእኅትዎ የጎደላት እንዲህ ያለው ክትባት ነበር። ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም፤ የአባትዎም አልነበረም።»

አያቴ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «እንግዲያ እኔ አልገደልኋትም» አሉ። ከስድሳ ዓመት በላይ ይህን በልባቸው ይዘው እንደ ኖሩ ያወቅሁት በዚያች ሌሊት ነው። ታናሽ ወንድሜ በዐሥራ አንድ ወሩ ተከተበ። ወደ ጤና ጣቢያው አዝለው የወሰዱትም አያቴ ናቸው፤ መርፌው ሲወጋ ሕፃኑን ያቀፈው የእርሳቸው ባለ ጠባሳ ክንድ ነበር።

የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛ የተማርን ነን ብለን ወደ ቤታችን ስንመለስ አስቀድመን መናገር የለብንም፤ አስቀድመን እንጠይቅ። ክትባትን የሚፈራ፣ ሐኪምን የሚሸሽ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ያየው ነገር አለው። ያን ነገር ሳንሰማ የምንሰጠው መልስ ላልተጠየቀ ጥያቄ ነው። ዘበኛችን ያለፈውን አስታውሶ ለሚመጣው ይዘጋጃል፤ እኛም የአባቶቻችንንና የእናቶቻችንን ትዝታ ሰምተን፣ በትምህርት አቅንተን፣ ለታናናሾቻችን ጤና እናውለው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።